ሳይረን ሳይጮህ

ራውተሩን በገመድ ከሦስተኛ ፎቅ አወረደ ማስረሻ፤
መጠለያው ውስጥ ነን፣ ቂርያት ጋት፣ የሌሊት መጨረሻ።
ሮኬት የለም ዛሬ፣ ሰማዩም ሰላም ነው፣
እንዲህ ያወረደን አንድ ጨዋታ ነው።
ትልቁ ዝመና አሥር ሰዓት ላይ ይለቀቃል ሲባል፣
አራት ሰው አንድ ቻርጀር በየተራ ይካፈላል።

ድንጋይ አጠራቅመናል፣ ሰማያዊ፣ የማይጨበጥ፣
ዕጣ እንጂ ዳቦ በማይሸጥበት አገር የሚለወጥ።
ሽሎሚት ከሱፐር ደመወዟ ቀንሳ ገዝታለች፣
«ለማንም እንዳትነግሩ» ብላ ለሁላችን ነግራለች።
እኔ ሳንቲም አላወጣሁም፤ አሥራ አራት ወር ለቀምኩ፣
በአውቶቡስ ወረፋ፣ በፋብሪካው ሽንት ቤት፣ እንደ ምስር አበጠርኩ።

ዝመናው ዘገየ። አሥር ከሩብ። አሥር ተኩል።
መስመሩ ዘጠና ስምንት ላይ ቆመ፣ እንደ በቅሎ እምቢ ሲል
ትንፋሻችንን ያዝን።
ተከፈተ።

መጀመሪያ ዝም አልን። ቀጥሎ ዮታም፦
«ቆረጧት! ክንዷን ቆረጧት! አርባ ከመቶ!»
ባለ ጃንጥላዋን ነው፣ ሁለት ዓመት ያሳደግናትን፣
በእሳቱ ሜዳ፣ በጨለማው ዋሻ ያሻገረችንን።
ትናንት ዘንዶ ስትጥል፣ ዛሬ ካፊያ እንኳ እንዳታስጥል
አድርገው ሰደዷት፤ በምትኳ ሌላ ሙሽራ፣
መብረቅ የለበሰች፣ ዋጋዋ የማይጠራ።

ማስረሻ ስልኩን ወረወረ፣ ፍራሽ መኖሩን አይቶ።
ሽሎሚት አነባች፤ እንባዋ ሳይደርቅ
የካርዷን ቁጥር ሞላች።
ዮታም «አጠፋዋለሁ!» ብሎ ማለ፣ ሦስተኛ መሐላው፤
ጣቱ እስከ ማጥፊያው ሄዶ የሚመለስበትን መንገድ ያውቀዋል።
እኔም ጮኬያለሁ፣ አልዋሽም። «ሌቦች!» ብያለሁ፣
ማን ምን እንደሰረቀኝ ብጠየቅ ግን
የማሳየው ባዶ እጄን ነው፤ ድሮም ባዶ ነበር።

ጩኸታችን ደረጃውን ወጥቶ የሰው በር አንኳኳ።
እማማ ዘገየች ወረዱ፣ በነጠላ ጫማ፣
መታወቂያና የደም ግፊት ኪኒን በፌስታል አንጠልጥለው፣
ግድግዳውን በመዳፋቸው እያነበቡ።
«ልጆቼ፣ ሳይረኑን አልሰማሁትም፤ ጆሮዬ ከዳኝ ወይ?
የት ወደቀ? ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም፣ እማማ። የአንዲት ልጅ ክንድ ቀነሱባት።»
«የማን ልጅ?»
«የ... ስልክ።»

ተቀመጡ። አንዴ የወረደ ጉልበት ቶሎ አይወጣም።
«እስኪ አሳዩኝ፣ እንዲህ የሚያስጮኸውን።»
የለቀምኩትን ሁሉ ዕጣ ጣልኩት፣ እያዩኝ።
አሥር። ሃያ። ሰማንያ። ብርሃን ፈነዳ፤
ደግሞ ያው ባለ ፋኖሱ ልጅ፣ ለአሥራ ስምንተኛ ጊዜ።

«ይህስ ማነው?»
«ተራ ነው፣ እማማ። ሲበዛብን ለሌሎቹ እናበላዋለን፣
እነሱ እንዲበረቱ።»
«ልጁን?»
ወደ መስታወቱ ተጠጉ። «ስሙስ?»
አራታችን ተያየን። ሁለት ዓመት ሙሉ
ስሙን ያነበበ የለም።
«የደረጃችን አምፖል ከተቃጠለ ወር አለፈው፤
ፋኖስ የያዘ ልጅ ይበላል?»

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ኩባንያው ይቅርታ ላከ።
ሽማግሌ ሳይገባ፣ ማንም ሳይማለድ፣ ካሳ ተከፈለን፦
ለነፍስ ወከፍ ሦስት መቶ ድንጋይ።
«ደግ ናቸው ለካ» አለ ማስረሻ፣ ስልኩን ከፍራሹ አንስቶ።
የዮታም መሐላ ተነነ።
ላማችን በሰማይ ናት፣ ያው እንደ ተረቱ፤
ሣሯን ግን ከምድር የምናጭደው እኛው ነን።

ስልኬን አብርቼ እማማ ዘገየችን አስወጣኋቸው፣
ባለ ፋኖሱ ከፊት፣ እሳቸው ከኋላ፣ እኔ መጨረሻ።
ሁለተኛው ፎቅ ላይ እረፍት ሲወስዱ
ትንሿን የቁልፍ ምልክት ነካሁ፣ እንዳይበላ።

በራቸው ላይ ዞር አሉ።
«እውነተኛው ሲመጣም እንዲሁ ጩኹልኝ፤
የናንተን ሰምቻለሁ።»